ገንዘቤ ሞቷል ይላል

የአባቴ ስም ገንዘቤ ነው። ገንዘቤ ተስፋሚካኤል። አያቴ ምን ታይቷቸው ይህን ስም እንዳወጡለት እንጃ፤ ገንዘቡ እስከ ዛሬ በስም ብቻ ነው ያለው። ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ስትሪፕ የሚባለው መንገድ ላይ ካሉት ካዚኖዎች የአንዱ በር ላይ ቆሞ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል። አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ የሚሸቱ መኪኖች ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ይውልና ሺፍቱ ሲያልቅ በ«እማሆይ» ወደ ቤት ይመጣል። እማሆይ መኪናችን ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ቀይ መብራት ባየች ቁጥር ቆማ ትጸልያለችና። አንዳንዴ አረንጓዴ ሲበራም ጸሎቷን አትጨርስም፤ ከኋላችን ያለው ሁሉ ክላክሱን ያስጮኻል፣ እኔ ወንበሩ ሥር እደበቃለሁ። ስሜ ደግሞ ልዕልት ነው፤ ለዚህ መኪና የሚመጥን ስም ሰጥተውኛል።

እማዬ ስታረግዝ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። እማዬ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ አንድ ቀን እማሆይ ፍላሚንጎ መንገድ መሐል ላይ ቀጥ አለችባት፤ ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል፣ ሰዎቹ እየተሳደቡ ያልፋሉ። እቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣

«ገንዘቤ፣ ስማኝ» አለችው። «እኔ የሰው አልጋ ሳነጥፍ ኖሬ መንገድ ላይ አልወልድም። ልጁ ከመምጣቱ በፊት መኪና ትገዛለህ።»

አባዬም እሺ አለ። በሩ እየተንሸራተተ የሚከፈት፣ የቤተሰብ መኪና፣ ሚኒቫን። ቀለሙን ሁሉ መርጦ ጨርሶ ነበር፤ አስማማው ባይመጣ።

አስማማው በዲቪ የመጣ ልጅ ነው። ቡልደር ሃይዌይ ላይ ያገለገሉ መኪኖች ይሸጣል። ከመጣ ገና ቅርቡ ነው፣ ግን አሜሪካን ለአሜሪካኖች ሊያስረዳቸው ይፈልጋል።

«ጋሽ ገንዘቤ፣ መኪና ከመምረጥዎ በፊት ክሬዲትዎን ቼክ ያድርጉ።»

«ምኑን ነው ቼክ የማደርገው? የማንም ብድር የለብኝም። አንዲት የሱቅ ካርድ አለችኝ፣ ፍራሽ የገዛሁባት፣ እሷንም ከፍዬ ጨርሻለሁ።»

«እሱን ይመዘግቡልዎታል። ነጥብ አለው። እንደ ተማሪ ውጤት ይሰጡዎታል፣ ባንኩ ነጥቡን አይቶ ነው የሚያበድርዎት።»

«በስተርጅና ፈተና ልቀመጥ ነው?»

«አባዬ፣ ብትወድቅ ሰመር ስኩል አብረን እንገባለን» አልኩ። እማዬ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ።

ቅዳሜ ዕለት ሦስታችንም ሄድን። የአስማማው ቢሮ ጎማ ያለው ቤት ነው፣ ውስጡ እንደ ፍሪጅ ይበርዳል። አስማማው የአባዬን ስምና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ አስገባ። ከመስኮቱ ውጭ ሚኒቫኖቹ ተደርድረው ይታያሉ፤ አባዬ አንዷን ሰማያዊ በዓይኑ ይዟታል። አስማማው ስክሪኑን አየ። እንደገና ስሙን ፊደል በፊደል ጻፈው። እንደገና አየ። ከዚያ ወሬኛው አስማማው እጁን ከመጻፊያው ላይ አነሣ።

ያን ጊዜ ነው እኔ ተነሥቼ ስክሪኑን ያየሁት። ከአባዬ ስም ሥር አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል በትልልቁ ተጽፋለች። ይቺን ቃል አውቃታለሁ፤ ትምህርት ቤት ስፔሊንግ ላይ መጥታ፣ በሽተኛ ከምትለው ቃል ጋር አምታትቻት የወደቅሁባት ናት።

«አባዬ፣ በሽተኛ ነህ ይላል» አልኩ ሳላስብ። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። «አይ... አይደለም። ሞቷል ይላል።»

«ማን?»

«አንተ። ገንዘቤ ሞቷል ይላል።»

መጀመሪያ የሳቀው አባዬ ራሱ ነው። «መቼ? ምነው ሳልሰማ?» አለ። «በሉ ደስ ይበላችሁ፣ ከዚህ በኋላ ኪራይ አልከፍልም፤ ሙት ኪራይ ይከፍላል እንዴ?»

«በስመ አብ ወወልድ!» እማዬ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ከወንበሩ ተነሣች። «ዝጋው! አስማማው፣ አጥፋው ይሄን ነገር! እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ!»

«እማዬ፣ ምንጣፉ ላይ...»

«ዝም በይ አንቺ! ሰው በቁሙ ስሙ ከሙታን ጋር አይጠራም። ሞት እንዲህ እያለ ነው የሚጠራው።»

አስማማው አጠፋው። ስህተት ነው፣ ይህን የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት አለ፣ ሙሉ መዝገቡን በፖስታ እንዲልኩላችሁ ጻፉላቸው አለ። ግን ስንወጣ አባዬን እንደ ሌላው ጊዜ ትከሻውን መታ አላደረገውም። በሩን ከፍቶ ራቅ ብሎ ቆመ።

ጻፍኩላቸው። ደብዳቤው እስኪመጣ ድረስ ያለው ጊዜ ግን ደስ አይልም ነበር። እማዬ አባዬ ፍሪዌይ ላይ እንዳይነዳ ከለከለችው፤ በውስጥ መንገድ እየዞረ ሥራ ይገባል። ሲወጣ ጠበል ትረጨዋለች፣ ዩኒፎርሙ ላይ፤ ሲገባ እግሩን ቆማ ታያለች። ጥላ እንዳለው የምታይ ይመስለኛል። ፓርኪንጋችን ውስጥ እነዚያ ጅራታቸው የረዘመ ጥቁር ወፎች ሁልጊዜም ነበሩ፤ አሁን ግን በመጋረጃው ቀዳዳ ታያቸውና፣ «ዛሬ በዝተዋል» ትላለች።

«እማዬ፣ ሰው ፖፕኮርን ደፍቶ ነው።»

«አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂ።»

አባዬ ግን ይቀልዳል። ጠዋት ጠዋት ክፍሌ በር ላይ መጥቶ፣ «ልዕል፣ አለሁ?» ይለኛል። «አለህ አባዬ፣ ካልሲህ ይሸታል» እለዋለሁ። እየሳቀ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን ትራስ ሊገዛልኝ ፍራሽ የገዛበት ሱቅ ሄድን። ሴትዮዋ ካርዱን ማሽኑ ላይ ጎተተችው፣ ስልክ ደወለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አወራች፤ ከመሳቢያ መቀስ አውጥታ እኛ እያየን ካርዱን ለሁለት ቆረጠችው። ስሙ መሐል ላይ ነው የተቆረጠው። አባዬ ቁራጮቹን እንድትሰጠው ጠየቃት፤ አይቻልም አለችው። በማግሥቱ ጠዋት ክፍሌ በር ላይ ቆሞ፣ «ልዕል፣ አለሁ?» ሲል ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። እኔም ስለ ካልሲው አላነሣሁም። «አለህ» አልኩት፣ ብቻ።

ፖስታው ሲመጣ እማዬ በእጇ አልነካም አለች። እኔ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ እያነበብኩ ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርኩ።

«ስም፣ ገንዘቤ ተስፋሚካኤል። በሌላ ስሙ... ጎሹ ተስፋሚካኤል። አድራሻ፣ ላስ ቬጋስ። የቀድሞ አድራሻ፣ ኦማሃ፣ ነብራስካ። አባዬ፣ ኦማሃ ኖረህ ታውቃለህ እንዴ?»

አባዬ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ጎሹ!» አለ። «ጎሹ ነው! አንተ ወመኔ፣ እዚህም ተከትለኸኝ መጣህ!»

ጎሹን በስልክ አውቀዋለሁ። ሱዳን ካምፕ ውስጥ ከአባዬ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ የተኛ ጓደኛው ነው። አሜሪካ ልትወሰዱ ነው ሲባል፣ ወንድማማች የሆኑትን አይለያዩም የሚል ወሬ ተወራ። ጎሹም የራሱን አባት ስም ትቶ የአያቴን ስም አባት አደረገው፤ ጎሹ ተስፋሚካኤል ተባለ፣ ተመዘገቡ። ልደታችሁ መቼ ነው ሲሏቸው በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያውቀው ስለሌለ ጸሐፊው ለሁሉም ጃንዋሪ አንድ ብሎ ጻፈ። በዚያ በኩል የመጣ አበሻ ሁሉ ልደቱ ጃንዋሪ አንድ ነው፤ አንድ ላይ ቢያከብሩት ከተማው ኬክ አይተርፈውም። ዓመተ ምሕረቱንም አንድ አደረገላቸው። እዚህ ሲደርሱ ደግሞ ወረፋ ላይ ተከታትለው ስለቆሙ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸው በመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ነው የሚለየው። ወንድማማች ተብለውም ግን ተለያዩ፤ አንዱን ቬጋስ፣ አንዱን ኦማሃ ላኳቸው።

ጎሹ በየእንቁጣጣሹ ይደውል ነበር። ባለፈው እንቁጣጣሽ አልደወለም። አባዬ ሲደውልለት ስልኩ ተቆርጧል። «ቤት ቀይሮ ነው» አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ፣ «እናንተ ወደ እኔ ከመጣችሁ ወዲህ ረሳኝ ብሎ ተቀይሟል» አለ። በመጨረሻ ራሱ ተቀየመውና ስሙን ማንሣት ተወ።

አሁን ግን ደስታው ልክ የለውም። «ኮምፒውተሩ አንድ ሰው አድርጎናል! የአባት ስም አንድ፣ ልደት አንድ፣ ቁጥር አንድ ለማለት ትንሽ የቀረው! እሱን ነግረን ማስተካከል ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?»

እኔ ወረቀቱን አየሁ። ሁለት ሰዎች አንድ ፋይል ውስጥ አሉ። አንዱ ሞቷል ይላል። አንዱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እየሳቀ ነው። ቀና ስል እማዬ ወለሉን እያየች ነው።

«አባዬ፣ ታዲያ የሞተው...»

«ማንም አልሞተም!» ጥያቄዬን አላስጨረሰኝም። ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ ከዓይኑ ብቻ ጠፋ። «ኮምፒውተር ነው። አንዴ አቀላቀለን፣ ቀጥሎ ገደለን። ሁለቴ ተሳሳተ። ነገ ከትምህርት ቤት ስትመጪ ትደውይላቸዋለሽ።»

ኩሽናው ግድግዳ ላይ ያለውን ስልክ ይዤ፣ አባዬ ከጎኔ ቆሞ ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ እየነፋ፣ ደወልን። ብዙ ሙዚቃ ካሰሙን በኋላ አንዲት ድምፀ ለስላሳ ሴትዮ መጣች። እየተረጎምኩ ነው እንግዲህ፤ የአባቴ አፍ እኔ ነኝ።

«የልደት ቀኑን ትጠይቃለች።»

«ጃንዋሪ አንድ።»

«የሌላውስ ሰውዬ?»

«ጃንዋሪ አንድ።»

«ይዛመዳሉ ወይ?» ትላለች አልኩት።

አባዬ ትከሻዬን ያዘ። ምን እንደሚያስብ ገባኝ፤ አይዛመደኝም ቢል ለኢሚግሬሽን ያኔ የዋሹት ውሸት በዚህች ስልክ ሊወጣ ነው፤ ወንድሜ ነው ቢል ደግሞ የአንድ ቀን ልጆች እንዴት ይሆናሉ? የከተማውን መኪና ሁሉ የሚያስተናግደውን አባቴን ላብ አጠመቀው።

«ወንድሜ ነው በያት» አለ። «መንታ ነን በያት።»

አልኳት። የመጻፊያው ቁልፎች ሲንኳኩ ይሰማኛል። ከዚያ መንኳኳቱ ቆመና ሴትዮዋ ሌላ ድምፅ አወጣች፤ ሰው ሲታመም ነርሶች የሚያወጡትን ዓይነት። ስህተቱ ተገኝቷል አለች። የሞቱ ምዝገባ የመጣው በአባትሽ ቁጥር አይደለም፣ በአጎትሽ ቁጥር ነው፤ መንግሥት ራሱ ነው ያሳወቀን። ከአባትሽ ላይ እናነሣዋለን። ከዚያ፣ ለደረሰባችሁ ሐዘን በጣም አዝናለሁ አለች።

በቤታችን ላይ አውሮፕላን አለፈ፤ ፓራዳይዝ የሚባለው ሰፈራችን አየር ማረፊያው አጠገብ ነው፣ አውሮፕላን ሲያርፍ ሳህኖቻችን ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ። እስኪያልፍ ድረስ ጊዜ አገኘሁ። ለደረሰባችሁ ሐዘን... ይህን አማርኛ ምን ይለዋል? እግዚአብሔር ያጽናህ ነው የሚለው። እኔ? ለአባቴ? ኩሽና ውስጥ ቆሜ፣ አፌ ውስጥ ማስቲካ ይዤ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ?

«ምን አለች? ልዕል፣ ምን አለች?»

«አንተ በሕይወት አለህ አለች። ከአንተ ላይ ይነሣል አለች።»

ስልኩን ነጥቆኝ ሳመው። ስልኩን! ከዚያ እኔን ሳመኝ፣ ከዚያ በባዶ እግሩ ሊኖሊየሙ ወለል ላይ እስክስታ መታ። ማስቲካዬን ዋጥኩት።

እማዬ ታች ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነበረች። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ጠጋ ብዬ ነገርኳት። አላለቀሰችም። እርጥብ ፎጣ አፏ ላይ ይዛ ቆመች።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም። እማዬ፣ እሱ ይጠይቀኛል፣ እኔ...»

«አትናገሪም። መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም፤ ብቻውን ለቆመ ሰውም አይነገርም። በጠዋት፣ በሰው መሐል ነው። እስከዚያ ሳቂ። ሁልጊዜ ትስቂ የለ? ሳቂ።»

እዚያው ካለው የሳንቲም ስልክ እትዬ ላቀች ጋ ደወለች። እትዬ ላቀች ቬጋስ ውስጥ ስንት አበሻ እንዳለ ከመንግሥት ይልቅ የምታውቅ ሴት ናት፤ ኦማሃም የባሏ ዘመድ አላት። ብዙም አልቆየች፣ መልሳ ደወለች። እውነት ነው። ጎሹ በክረምቱ፣ እንቁጣጣሽ ሳይደርስ፣ ሥራ ላይ ወድቆ በዚያው ቀረ። ወንድም አለኝ ይል ነበር፣ ቬጋስ፤ ፈለግን፣ ያገኘነው ስልክ የድሮ ቤታችሁ ነው፤ እኛው አዋጥተን ቀበርነው አሉ፣ የኦማሃ አበሾች። እማዬ እየደገመች ትሰማለች፣ «እሺ... እሺ... ነገ ጠዋት... እሺ» ትላለች። አባዬ ደውሎ ያጣው ሰው አፈር ከለበሰ ወራት ሆኖታል፤ አባዬ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ አኩርፎታል።

ያን ምሽት እማዬ ድስቱ ውስጥ ያለውን ሥጋ አንድ በአንድ እየለቀመች አባዬ ሳህን ላይ ደረደረችው። ነገ የሚያለቅስ ሰው ዛሬ ይብላ መሆኑ ነው። እሱ አያውቅም።

«ምነው ዛሬ? ከሙታን ስለተነሣሁ ነው?»

«ብላ ዝም ብለህ» አለችው።

«ሰማያዊዋን ነው የምንገዛው። ሕፃኑ ተወልዶ ጠንከር ሲል ደግሞ ተጭነን ኦማሃ እንሄዳለን። በሩን አንኳክቼ፣ ቆይ፣ ምን እንደምለው ታውቂያለሽ? ‹አንተ ወመኔ፣ ስሜን በልተህ፣ ልደቴን በልተህ፣ ልትቀብረኝም ነበር?› ነው የምለው። ክርስትናውንም እሱ ነው የሚያነሣልኝ። ወንድሜ አይደል?»

እማዬ ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ውኃው ሲከፈት ሰማን።

«ምን ሆነች?»

«እርግዝና ነው» አልኩ። እርግዝና ስንቱን ይሸፍናል።

«አንቺስ? ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«ፈተና አለብኝ።»

«ምን ትምህርት?»

«አማርኛ» አልኩት። ትምህርት ቤቴ አማርኛ የለም። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እኔም እማዬ እንዳዘዘችኝ ሳቅሁ፣ ጥርሴን እስኪያመኝ።

ጠዋት ገና ፀሐይ ሳትወጣ ነቅቼ ለብሼ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ታክሲ ነው። ከዚያ ሌላ ታክሲ። ከዚያ የቤት መኪኖች፣ መብራታቸውን ቀስ እያጠፉ። አንድም ክላክስ አልተነፋም። አባዬ በመጋረጃው ቀዳዳ አየና በነጠላ ጫማ እየሮጠ ወጣ።

«ኧረ እዚያ ፓርክ አታድርጉ! ቶው አድርገው ይወስዱባችኋል! አንተ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ!» እጁን ከፍ አድርጎ እንደ ሥራው ያስተናግዳቸዋል። ማንም አልመለሰለትም። ሰዎቹ ከመኪናቸው እየወጡ፣ በሮቹን ሳያስጮኹ እየዘጉ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። ማንም ዓይኑን አያየውም።

«አስማማው! አንተም መጣህ? በዚህ ጠዋት? ክሬዲቴ ጸዳ እንዴ?»

አስማማው ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ጥቁር። «ጸድቷል፣ ጋሼ» አለ፤ ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ።

«እና ምን ያስለቅስሃል? ይኸው አለሁ!»

ከአስማማው ኋላ እትዬ ላቀች ከመኪና ወረደች፤ ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለብሳዋለች። ከእሷ ጋር ቄሱ አሉ። አባዬ አያቸው። የእማዬን ስም ጠራ፤ እማዬ ከኋላው በሩ ላይ ቆማለች፣ ደህና ናት። ሆዷን አየ። እኔን አየ። ሁላችንም በቁማችን አለን። ከዚያ ከፍ አድርጎ የያዘው እጁ ቀስ እያለ ወረደ።

«ልጄ ገንዘቤ፣ ግባና ተቀመጥ» አሉት ቄሱ።

«አልቀመጥም አባቴ። ቆሜ ነው የምሰማው።» ከእሳቸው ላይ ዓይኑን አነሣና ወደ እኔ ዞረ። «ልዕል፣ ያቺ ሴትዮ ስልክ ላይ ሌላ ምን ብላሽ ነበር?»

ግማሹን ነግሬዋለሁ። ሌላው ግማሽ አፌ ድረስ መጣ፤ ቄሱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመድ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።